አምፑ አልሞተም፣ የሚቀሰቅሰው አጥቶ ነው

ረጅም ነው፣ ታገሱኝ። መኪና ያላችሁም፣ ቴፕ የምትገጥሙም፣ ፊዚክስ የምታስተምሩም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማይስማማ ካለ ኮመንት ላይ ይሟገተኝ፤ ለስድብ ግን መልስ የለኝም።

ነገሬ አንድ ናት። በከተማችን የመኪና ቴፕ ሲቀየር ደህና አምፕሊፋየርና ደህና ሳብውፈር አብረው እየተጣሉ ነው። የሚገድላቸው እርጅና አይደለም፤ ፒንሳ ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ኦርጅናሉ ቴፕ ይወጣል፣ ባለ ትልቅ ስክሪን አንድሮይድ ይገባል። ስክሪኑ ያበራል፣ ድምፅ ግን ጭጭ። ልጁ ሁለት ደቂቃ ነካክቶ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ወንድሜ፣ አምፑ ሞቷል። ቢሠራም ከአዲሱ ጋር አይሄድም። ቆርጠን ዳይሬክት እናርገው።» ባለመኪናው ምን ይበል? ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ እሺ ይላል። ሶኬቱ ይቆረጣል፣ ሽቦው በጣት ይጠመዘዛል፣ ናስትሮ ይጠቀለልበታል። ድምፅ ይወጣል፣ ቤዙ ግን የለም። «ቤዝ ከፈለግክ አዲስ አምፕና አዲስ ሳብ አለን» ይባላል። ሁለተኛ ሒሳብ መጣ ማለት ነው።

እኔ የምለው፦ ያ አምፕ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ተኝቷል እንጂ አልሞተም።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» ለምትሉኝ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ባለፈው በዚሁ ጉዳይ አጭር ነገር ስጽፍ አንዱ «በዲፕሎማ ሽቦ አይታወቅም» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ አይታወቅም። በዲግሪም አይታወቅም። ሽቦ የሚታወቀው ሲለካ ነው። ደሞዝ ወር ስለማያደርስ ቅዳሜና እሑድ የሰው መኪና ላይ ቴፕ እገጥማለሁ። ስለዚህ የማወራው ከጥቁር ሰሌዳውም ከዳሽቦርዱም ሥር ሆኜ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቴፕ መቀየር ነውር አይደለም። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ መኪና ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የጃፓን ኤፍኤም የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርዝ ሲሆን ለረጅም ጊዜ የሚያበቃው 90 ላይ ነበር፤ በኋላ ነው እስከ 95 የሰፋው። እኛ አገር ደግሞ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው። የጃፓኑ ሬዲዮ እዚያ አይደርስም። ስክሪኑም የሚያወራው በጃፓንኛ ነው። የኋላ ካሜራና ካርታ የሚፈልግም አለ። ቀይሩ! እኔም እቀይራለሁ። ጥያቄዬ ቴፑ ሲቀየር ሌላው ለምን ይገደላል ነው።

ሁሉም መኪና ይህ ጣጣ የለበትም። ቪትዝና ተራ ኮሮላ ላይ ብዙውን ጊዜ ስፒከሮቹን በቀጥታ የሚነዳው ቴፑ ራሱ ነው፤ ትክክለኛውን ሶኬት ሰክተህ ትሄዳለህ። ጣጣው ያለው ከፋብሪካ አምፕሊፋየር ይዘው በመጡት ላይ ነው፦ ጄቢኤል የተጻፈባቸው ራቭ4፣ ካምሪና ፕራዶ፣ ማርክ ሌቪንሰን ያላቸው ሌክሰሶች፣ ቦዝ ያላቸው ኒሳኖች። የስፒከሩ ክዳን ላይ ስሙን ካያችሁ ወይም ኋላ ሳብውፈር ካለ፣ የሆነ ቦታ፣ ወንበር ሥር ወይም ዳሽቦርድ ውስጥ ወይም ከኋላ በጎን በኩል፣ አንድ የብረት ሳጥን ተቀምጧል ማለት ነው። አምፑ እሱ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ኦርጅናሉ ቴፕ ስፒከር አይነዳም። ደካማ ሲግናል ለአምፑ ይልካል፤ ጉልበቱን የሚጨምረው አምፑ ነው።

ይህ አምፕ ሥራ ለመሥራት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ምግብ፣ መልእክትና ቀስቃሽ።

ምግቡ ፖዘቲቭና ማሳ ነው። ይህን ፋብሪካው ከራሱ ፊውዝ ጋር ዘርግቶለታል፤ ቴፕ ስትቀይሩ ማንም አይነካውም።

ቀስቃሹ ሪሞት የሚባለው ቀጭን ሽቦ ነው። ቴፑ ሲከፈት 12 ቮልት ይልክበታል፤ አምፑ ይነቃል። ቴፑ ሲዘጋ ቮልቱ ይጠፋል፤ አምፑ ይተኛል። አዲስ የምትገዙት ቴፕ ላይ ይህ ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር አለበት። ቢጫው የማይጠፋ 12 ቮልት ነው፣ ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ማሳ። ነጭና ግራጫ የፊት ስፒከሮች፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የኋላ ስፒከሮች ናቸው። ይህን ቀለም ቴፕ የሚገጥም ልጅ ሁሉ እንደ ስሙ ያውቀዋል። ታዲያ ያቺ ሰማያዊና ነጭ ሽቦ የት ነው የምትገኘው? ዳሽቦርዱን ፈታችሁ እዩ። ጫፏ ናስትሮ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተወርውራለች። «አታስፈልግም» ተብላ። ከዚያ አምፑ ሞተ ይባላል።

አንዳንዱ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብሎ የአምፑን ሪሞት ከቢጫው ጋር ይቀጥለዋል። ያኔ አምፑ ቀንም ሌሊትም አይተኛም። መኪናው ሁለት ሦስት ቀን ከቆመ ባትሪው ይወርዳል፤ ባለመኪናው ባትሪ ሻጭ ጋ ይሄዳል። ባትሪው ምን አደረገ?

መልእክቱ ሲግናሉ ነው። አሁን ትንሽ ቁጥር እናምጣ። በአዲሱ ቴፕ ጀርባ ያሉት ክብ የአርሲኤ ቀዳዳዎች የሚያወጡት እንደ ቴፑ ዓይነት ከ2 እስከ 4 ቮልት ገደማ ነው። የስፒከር ሽቦው ግን 4 ኦም ስፒከር ላይ 20 ዋት ሲያወጣ ወደ 9 ቮልት ይደርሳል። ደካማ ሲግናል ለሚጠብቅ አምፕ የስፒከር ሽቦ በቀጥታ ብትሰጡት፣ ሹክሹክታ ለሚሰማ ጆሮ ሜጋፎን ማስጠጋት ነው። ድምፁ ይሰነጠቃል። ልጁም «አምፑ ተበላሽቷል» ይላል። ትክክለኛው መንገድ ለመኪናው የተሠራ አዳፕተር ሶኬት ነው፤ አርሲኤውንና ሪሞቱን በቦታቸው ያገናኛል። አርሲኤ የሌለው ቴፕ ከሆነ የስፒከሩን ሲግናል ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር አለ። ሁለቱም ከአዲስ አምፕና ሳብ ጋር በዋጋ የሚወዳደሩ አይደሉም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ብዙዎቹ የፋብሪካ አምፖች ለእያንዳንዱ ቻናል ፕላስና ማይነስ ጥንድ ሽቦ ይቀበላሉ። ያ ማይነስ ማሳ አይደለም። «ማይነስ ማይነስ ነው» ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ጠምዝዞ ከቦዲ ጋር ያሰረ ሰው፣ ሞተሩ በተረገጠ ቁጥር ዊዊዊ የሚል ፉጨት ያመጣል። የዲናሞው ድምፅ ነው። የቴፑ የስፒከር ማይነስም እንደዚያው ማሳ አይደለም፤ ቦዲ ከነካ የቴፑ አይሲ ሊቃጠል ይችላል።

ሳብውፈሩስ? በብዙ መኪኖች ሳቡ የራሱ ሽቦ ከቴፑ አይመጣለትም። ቤዙን ከፊትና ከኋላ ሲግናል ለይቶ የሚሰጠው አምፑ ነው። አምፑን ያለፈ ሰው ሳቡንም ገደለ ማለት ነው። አንድ ደንበኛ በቅርቡ ጄቢኤል ያለው ራቭ4 ይዞልኝ መጣ። ሌላ ቦታ ዳይሬክት ተደርጎለታል፤ ሳቡ ከኋላ ስፒከር ሽቦ ጋር በፓራለል ተቀጥሏል። «ድምፅ ከፍ ሳደርግ ቴፑ ይጠፋል» አለኝ። ይጠፋላ! ሁለት 4 ኦም በፓራለል 2 ኦም ነው። በ14.4 ቮልት 4 ኦም የሚጎትተው 3.6 አምፔር ከሆነ 2 ኦም 7.2 ይጎትታል። አብዛኛው ቴፕ የተሠራው ከ4 ኦም ላላነሰ ነው። ራሱን ለማዳን ነው የሚጠፋው። የተቆረጠውን መልሼ ቀጠልኩ፣ ሪሞቱን ከሰማያዊና ነጩ ጋር አገናኘሁ፣ ሲግናሉን በአርሲኤ ሰጠሁት። ሞተ የተባለው አምፕ ሠራ፣ ሳቡም ሠራ። ተአምር የለውም። በእጄ የነበረው ቴስተርና የመኪናው የሽቦ ዲያግራም ብቻ ነው።

ስለ ዋት ደግሞ እንነጋገር፣ ምክንያቱም አዲስ ዕቃ የሚሸጥላችሁ በዋት ስለሆነ ነው። ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ይላል። ከየት መጣ? 14.4ን በራሱ አባዙት፣ ለ4 ኦም አካፍሉት፤ 51.84 ይመጣል። ይህ ሙዚቃው ተሰነጣጥቆ፣ ሲግናሉ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚገኝ ጣሪያ ነው። ንጹሕ ድምፅ ከዚያ ግማሽ ነው፤ አይሲው የሚበላውን ስትቀንሱ በአንድ ቻናል 20 ዋት ገደማ ይተርፋችኋል። ካላመናችሁኝ የቴፑን ፊውዝ እዩ። 10 አምፔር ከሆነ፣ 10 በ14.4 ሲባዛ 144 ዋት ነው የሚገባው። 144 ዋት አስገብቶ 200 ዋት ሲያወጣ የሚውል ማሽን በዓለም ላይ አልተሠራም። «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሳጥንም በዚሁ ሒሳብ መርምሩት፤ ፊውዙ አይዋሽም። ኦርጅናሉ አምፕ ለራሱ ስፒከሮች ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ጮሆ ራሱን አያስተዋውቅም እንጂ።

ይህ ሁሉ ስለ ሙዚቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ጉዳዩ እሳት አለበት። አዲስ አምፕ የሚገባ ከሆነ ወፍራም ሽቦ ከባትሪ ተነሥቶ መኪናውን አቋርጦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ መሆን አለበት። ለምን? ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አምፑ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ፣ መንገድ ላይ ብረት ፍቆት ቦዲ ለነካ ሽቦ ምንም አያደርግለትም። ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ምንጣፉ ይይዛል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ የሲጋራ ብር ወረቀት ወይም ቁራጭ ሽቦ የሚያስገባውን ሰው ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም። በዚያ መኪና እኮ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

በጣት ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት ሽቦም እንደዚያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዳሽቦርድ ውስጥ ሙቀት አለ፣ መንገዳችን ደግሞ መንቀጥቀጥ ነው። ናስትሮው ሙጫው ይለቃል፣ ሽቦው ይላቀቃል። ስታኞ አለ፣ በመቆንጠጫ የሚጠብቅ ማገናኛ አለ። ሌላው፣ መኪና ውስጥ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ብዙ ጊዜ የኤርባግ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። «ቮልት ልይ» ብሎ አምፖል ያለው መብሻ እዚያ መክተት በሰው ፊት ላይ መቀለድ ነው።

አሁን መልሶቹን አውቃለሁ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«አዳፕተሩ አገር ውስጥ የለም።» አንዳንዱ እውነት የለም። ታዲያ ለደንበኛው «የለም፣ እስኪመጣ ጠብቅ ወይም ሶኬቱን ሳልነካ በዲያግራም ልሥራልህ» ማለት ምን ይከለክላል? አዳፕተር ባይኖርም ሽቦዎቹ ቁጥርና ቀለም አላቸው። የለም ማለትና ሞቷል ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው ውሸት።

«ደንበኛ ይቸኩላል፣ ደግሞም ርካሽ ይፈልጋል።» ይህ ልክ ነው፤ ጥፋቱ የገጣሚው ብቻ አይደለም። ለስክሪኑ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ለእጅ ዋጋ ሲሆን የሚከራከር፣ «በግማሽ ሰዓት ጨርስልኝ» የሚል ባለመኪና ቆርጦ የሚቀጥል ሰው ይገባዋል ልል ነበር፤ ግን አልልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የሚለቅመው ባለመኪናው ብቻ ነው።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ነው የምንሠራው።» ወንድሜ፣ ልምድህን አከብራለሁ። እጅህ ከእኔ እጅ ይፈጥናል። ግን ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው ቴፕ አራት ስፒከርና ሁለት የኃይል ሽቦ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ መኪና ቀስቃሹን በቮልት አይልክም፣ በዳታ ነው የሚያወራው። አንዳንዱ የአውሮፓ መኪና ደግሞ ሲግናሉን የሚልከው በመዳብ ሽቦ ሳይሆን በብርሃን መስመር ነው። ሞስት ይሉታል፤ ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2001 በ7 ሲሪየስ ላይ ይዞት መጣ። እዚያ ምኑን ትቆርጣለህ? ለእንዲህ ያለው ቋንቋውን የሚተረጉም ሳጥን ያስፈልጋል። ከአንድሮይድ ቴፑ ጋር የምትመጣው ካንባስ የምትባል ትንሽ ጥቁር ሳጥን እኮ ለጌጥ አልተጨመረችም፤ በአንዳንድ መኪና ከሴቲንግ ውስጥ ሞዴሉን በትክክል ካልመረጥክላት አምፑ አይነሣም።

«አንዳንዱ እኮ በእውነትም ይሞታል።» አዎ ይሞታል። ግን ሞቱ ይለካ። ፊውዙ ደህና ነው? ፖዘቲቩ ላይ 12 ቮልት አለ? ማሳው ይዟል? ቴፑ ሲከፈት ሪሞቱ ላይ 12 ቮልት ይመጣል? ሲግናሉ ይደርሳል? እነዚህ አምስቱ ተሟልተው ድምፅ ከሌለ አዎ፣ ያን ጊዜ «ሞቷል» በል፤ እኔም አብሬህ እላለሁ። አምስቱን ለመለካት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህ በሽታ የሚጀምረው ከእኛ ክፍል ነው። የኦም ሕግን በየዓመቱ እናስተምራለን። ልጆቹ ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው ብለው ይሸመድዳሉ፣ የፓራለሉን ሒሳብ ይሠራሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ። ከዚያ ዘጠና ያመጣውን ልጅ መልቲሜትር ብትሰጡት በየትኛው ጫፍ እንደሚይዘው አያውቅም። ከክፍል ቀድሞ የወጣው ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ይዞ ይውላል፤ ለምን እንደሚሠራ የነገረው ሰው ግን የለም። አንዱ ሕጉን ያውቃል፣ ሽቦ አያውቅም። ሌላው ሽቦ ያውቃል፣ ሕጉን አያውቅም። በመሃል የሚቃጠለው የሰው ንብረት ነው። ቴፕ የሚገጥመውን ልጅ ሰነፍ ብሎ የሚሰድብ ሰው እኔን ከጎኑ አያገኝም። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ዳሽቦርድ ሥር ተኝቶ የሚሠራ ሰው ሰነፍ አይባልም። የጎደለው ጉልበት ሳይሆን አንድ ቴስተርና «ለምን?» የሚል አንድ አስተማሪ ነው። ላብ ቁልፉ የጠፋበት ትምህርት ቤት ያለን እኛ ነን።

ይህን ዛሬ የምጽፍበት ምክንያትም አለኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለን የቤንዚን መኪና ያለን መኪና ነው። ለዓመታት ነው የምንነዳው። አንዴ የተቆረጠ ኦርጅናል ሶኬት ነገ ስትሸጡት ገዢ ያየዋል፤ ኦርጅናሉን ቴፕ ልመልስ ብትሉም የሚሰካበት የለም። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ደግሞ ውስጣቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዳታ የተያያዘ ነው። በእነሱም ላይ በዚሁ ፒንሳ ከገባን የምናጠፋው ቤዝ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ለባለመኪኖች፦ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

1. መኪናዬ የፋብሪካ አምፕ አለው ወይ? የት ነው ያለው?
2. ሶኬት ትቆርጣለህ ወይስ አዳፕተር ትሰካለህ?
3. ሰማያዊና ነጩን ሽቦ ከምን ጋር ነው የምታገናኘው?
4. አምፑ ሞቷል ካልክ፣ በቴስተር ለክተህ አሳየኝ።
5. የወጣውን ዕቃ ሁሉ፣ አሮጌውን ቴፕና አምፕ ጨምሮ፣ ለእኔ ታስረክበኛለህ?

አምስተኛዋን እንዳትረሱ። «ሞቷል» የተባለው አምፕ ሌላ ሰው መኪና ውስጥ ቢዘፍን እኔ አልደነቅም።

ለገጣሚ ወንድሞቼ፦ ደህና ቴስተር ግዙ፣ ዲያግራም አውርዱ፣ ለመለካት ጊዜያችሁ ዋጋ አስከፍሉ። የምትኮሩበት ሥራ ይሆናል፤ ደንበኛም ሰው ይዞ ይመለሳል። ሪሞቱ ወይም ሲግናሉ ያስቸገራችሁ መኪና ካለ ሞዴሉንና ዓመቱን ኮመንት ላይ ጻፉ፤ የማውቀውን በነፃ እመልሳለሁ።

ለአስተማሪ ባልደረቦቼ፦ በዚህ ሴሚስተር አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ አሮጌ ባትሪ፣ ሁለት ስፒከርና አንድ መልቲሜትር ይዛችሁ ግቡ። ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ።

መኪና ያለው ዘመድ ያላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን ከመቆረጡ በፊት እንዲያነበው።